ያልጨለመው ግርዶሽ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በፀሐይ ግርዶሽ ምክንያት ደብረ ብርሃን ይጨልማል ተብሎ ነበር። አልጨለመም። የሰፈራችን ሰው በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ቅር ይለዋል። ዶሮ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ ከብት ወደ በረቱ ይዞራል፣ ኮከብ በቀን ይታያል ሲባል የሰነበተ ሕዝብ ጋቢውን ተከናንቦ አጥር ሥር ቆሞ ሲጠብቅ ያገኘው ትንሽ ፈዘዝ ያለ ጠዋት ብቻ ነበር። ዶሮዎቹም ምንም አልመሰላቸው፤ መጫራቸውን ቀጠሉ። አንዲት ጎረቤታችን "በቃ፣ ይኸው ነው?" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የቀለበታዊ ግርዶሽ፣ ማለትም ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዙሪያዋን እንደ ቀለበት የምታስቀርበት ግርዶሽ፣ ጠበቃ ሆኛለሁ። የሙሉ ግርዶሽ አድናቂ ሞልቷል፤ ቀለበታዊውን ደግሞ ሙሉ መሆን እንዳቃተው ግርዶሽ የሚያዩት ብዙዎች ናቸው። በእኔ አመለካከት ሙሉ ግርዶሽ ያስደነግጣል እንጂ ስለ ጨረቃ ያን ያህል አያወራም። ቀለበታዊው ነው የሚያወራው። ጨረቃ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እንደምትል መጽሐፍ ሁሉ ይጽፋል፤ ነገር ግን ሙሉ ጨረቃን ዛሬ አይቶ፣ ከስድስት ወር በኋላም አይቶ "ይቺ ታንሳለች" ብሎ በዓይኑ ብቻ የሚለይ ሰው አላውቅም። በቀለበታዊ ግርዶሽ ጊዜ ግን ርቀቷ በፀሐይ ላይ ተለክቶ ይታያል። ዙሪያውን የተረፈው ብርሃን ጨረቃ ምን ያህል እንደራቀች የሚናገር ልኬት ነው።

በቅድሚያ የጎረቤቶቼን ቅሬታ ላስተናግድ፤ ፍትሐዊ ነውና። ያን ዕለት የቀለበቱ መስመር በእኛ ላይ አላለፈም። ኮንጎ ላይ ከፀሐይ መውጫ ጋር ተነሥቶ በመካከለኛው አፍሪካና በደቡብ ሱዳን አድርጎ በምዕራብ በኩል ወደ አገራችን ገባ፤ ላሊበላን ረግጦ በኤርትራ በኩል ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ ከዚያ በየመን፣ በኦማን፣ በፓኪስታን፣ በሰሜን ሕንድና በቻይና አልፎ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ አበቃ። ላሊበላ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን ነው፤ በአየር መስመር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ኮሮና መንገዱን ሁሉ የዘጋበት ጊዜ ባይሆን ኖሮ የቅዱስ ላሊበላን በዓል ሰኔ 12 ቀን እዚያው አክብሬ፣ ሁለት ቀን አድሬ ቀለበቱን አይ ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ሰሜን ሸዋ ላይ ያየነው ከፊል ግርዶሽ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ጨረቃ የፀሐይን ጠርዝ መንካት ጀመረች፤ ሁለት ሰዓት አካባቢ ከአሥር እጅ ከስምንት በላይ ሸፈነቻት፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ለቀቀቻት።

ከአሥር እጅ ስምንቱ ጠፍቶ እንዴት አይጨልምም? ነገሩ የፀሐይም የዓይናችንም ነው። የፀሐይ ብርሃን ከሙሉ ጨረቃ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከመቶ አንድ እጇ ብቻ ቢቀር እንኳ የሙሉ ጨረቃን ሺዎች ጊዜ ያበራል። ዓይን ደግሞ ብሌኑን እያሰፋ ጉድለቱን ይሸፍናል፤ ብርሃኑ በግማሽ ቢቀንስ ደመና ያለፈ ያህል እንኳ አይሰማንም። ላሊበላ የነበሩትም ቢሆኑ ቀለበቱን አዩ እንጂ ሌሊት አላዩም። ቀለበታዊ ግርዶሽ ቀን አያጨልምም፤ ይጨልማል ብሎ ሕዝቡን አጥር ሥር ያቆመው ሰው ነው መወቀስ ያለበት።

እኛ ያገኘነው ሌላ ነገር ነበር። ብርዱ፣ በመጀመሪያ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ሰኔ ላይ ጠዋት ሰው የሚሞቀው በፀሐይ ነው እንጂ በአየሩ አይደለም። ፀሐይዋ ስትቀንስ ፊት ላይ የነበረው ሙቀት እጅ ያነሡት ያህል ቀረ። ብርሃኑም የማለዳው ወርቃማ ብርሃን አልነበረም፤ የማታውም አልነበረም። ወደ ብር ያደላ፣ ሁሉን ነገር ትንሽ የቀረበ የሚያስመስል ብርሃን ነበር። ጥላዎች ስል ሆኑ፤ ግድግዳው ላይ ባረፈው የራሴ ጥላ ውስጥ የፀጉሬን ዘለላ ነጥዬ ማየት ቻልሁ። ፀሐይ ሰፊ ክብ ስትሆን የጥላ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ቀጭን ስትሆን ይሰላል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ማድ ቤት ውስጥ ነበር። የእናቴ ማድ ቤት አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ድሮ ሌላ ቤት ላይ የነበረ ቆርቆሮ ስለሆነ የተነቀሉ ሚስማሮች የተዉት ቀዳዳ ሞልቶታል። ክረምት ላይ የምንረግመው ያ ክዳን ነው። ለቡናው የተያያዘው ኩበት እየጨሰ ነበር፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የገባው ጨረር በጭሱ ውስጥ ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ እስከ ማዶው ግድግዳ ይዘልቃል። ሌላ ቀን ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ክብ ብርሃን ነው። ያን ጠዋት ግን ጭቃው ላይ ያረፉት ሁሉ ማጭድ ነበሩ፤ ትልቅ ማጭድ፣ ትንሽ ማጭድ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩ። እናቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ግድግዳዋን አየች፣ ክዳኑን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች። "ይህን ቆርቆሮ እንግዲህ አታስቀይረኝም" አለችኝ።

ይህ ተአምር አይደለም፤ ከተአምር የሚሻል ነገር ነው። ትንሽ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ገልብጦ ይጥላል፤ የቀዳዳው ቅርጽ አራት ማዕዘን ይሁን የተቀደደ ይሁን ለውጥ የለውም። ሁልጊዜ በዛፍ ቅጠል መካከል ወርዶ መሬት ላይ የምናየው ክብ ብርሃን ሁሉ የፀሐይ ፎቶግራፍ ነው፤ ፀሐይ ክብ ስለሆነች ልብ አንለውም። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ዓረባዊው ሊቅ ኢብን አል ሐይሠም በግርዶሽ ጊዜ በቀዳዳ የገባው ብርሃን ለምን ማጭድ እንደሚሆን በሙከራና በጂኦሜትሪ መርምሮ ጽፏል። ምስሉ ከቀዳዳው በራቀ ቁጥር ይሰፋል፤ ለአንድ ሜትር ርቀት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል። እህቴ ወንፊት አምጥታ በኖራ በተቀባው የውጭ ግድግዳ ፊት ስትይዘው ግድግዳው በጥቃቅን ማጭዶች ተሸፈነ፤ የሰፈሩ ልጆችም ዶሮውን ትተው ወደዚያ ሮጡ።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። ምጣድ ላይ የሚያንስ አክንባሎ ቢደፋበት ዙሪያውን የምጣዱ ጠርዝ ይታያል፤ ቀለበታዊ ግርዶሽ ይኸው ነው። ነገር ግን ጨረቃ ሁልጊዜ ታንሳለች ማለት አይደለም። የፀሐይ ስፋት 1,392,000 ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፀሐይ በስፋት 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። በርቀትም እንዲሁ 400 ጊዜ ያህል ትርቃለች። በዚህ አጋጣሚ ሁለቱ ከምድር ሲታዩ እኩል ይመስላሉ። እኩል ይመስላሉ እንጂ እኩል አይደሉም፤ ምክንያቱም የጨረቃ ምህዋር ሞላላ ነው። ስትቀርብ እስከ 356,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ትቀርባለች፣ ስትርቅ 406,700 ድረስ ትርቃለች። የምትጥለው ሙሉ ጥላ እየጠበበ ሄዶ በአማካይ 374,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሾሎ ያልቃል። ምድር ከዚያ ጫፍ ወዲህ ከሆነች ጥላው መሬት ይነካል፤ ግርዶሹም ሙሉ ይሆናል። ምድር ከጫፉ ወዲያ ከቀረች ግን ጥላው አልደረሰም፤ እዚያ የቆመ ሰው ጨረቃን በፀሐይ መካከል፣ ፀሐይን በጨረቃ ዙሪያ ያያል። የጨረቃ አማካይ ርቀት 384,400 ኪሎ ሜትር መሆኑን ካሰብን ጥላው ብዙውን ጊዜ የሚያጥር ነው። ለዚህም ነው በዓለም ላይ ቀለበታዊ ግርዶሽ ከሙሉው በትንሹ የሚበዛው።

ይህን ሁሉ በቅዳሜው ምሽት ለጎረቤታችን ለየኔታ ስተርክላቸው ነበር። የኔታ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ባሕረ ሐሳብን በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ "ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል የምትገባው በየወሩ ስትወለድ ነው አላልክም?" አሉኝ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"ታዲያ ፀሐይን በየወሩ የማትጋርዳት ለምንድን ነው?"

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስለ ግርዶሽ ሰምቼ አላውቅም። መልሱ፣ የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ ጋር አንድ ሜዳ ላይ አለመሆኑ ነው፤ አምስት ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። አምስት ዲግሪ በወሬ ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ግን ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ስለሆነች ጨረቃ አብዛኛውን ወር ከበላይዋ ወይም ከበታችዋ ታልፋለች። ጥላዋም ምድርን ስቶ ወደ ሕዋው ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች የሚቋረጡባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ፤ ፀሐይ በየስድስት ወሩ ገደማ በአንዱ አጠገብ ታልፋለች፤ ጨረቃ በዚያን ጊዜ ከተወለደች ብቻ ግርዶሽ ይሆናል።

የኔታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቁጥራቸውን ጀመሩ። ዓመተ ዓለም 7512፣ በ19 ሲገደፍ 7፣ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 6፤ ስድስት ጊዜ 11 66፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ድምር) 6፤ መጥቅዑ (የጾምና የበዓል ማውጫው) 24። ሁለቱ ሲደመሩ እንደ ወጉ 30። ባሕረ ሐሳብ የፀሐይን 365 ቀን ከጨረቃ 354 ቀን ጋር የሚያስታርቅ ሒሳብ ነው፤ 11 ቀን ልዩነቱን እየያዘ በ19 ዓመት ያዞረዋል። ወሩን አንዴ 30 አንዴ 29 እያለ ይቆጥራል። ለጾምና ለበዓል ይህ በቂ ነው፤ ዘመናትን አሻግሮታል። ግን አማካይ ነው። እውነተኛዋ ጨረቃ ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች፤ አማካዩ ይህን አይነግረንም። ግርዶሽ ግን አማካይ አይቀበልም። ቀኑንም መንገዱንም ርቀቱንም ባንዴ ይጠይቃል፤ ርቀቱን ደግሞ በቀለበቱ ስፋት ጽፎ ያሳያል።

ለየኔታ ደስ ያላቸው ሌላ ቁጥር ነበር። የባቢሎን ሰዎች ያገኙት አንድ ዙር አለ፤ ግርዶሽ ከ18 ዓመት፣ ከ10 ወይም 11 ቀንና ከ8 ሰዓት በኋላ ተመሳሳዩን ይወልዳል። የእኛ ግርዶሽ ታላቅ ወንድም ሰኔ 3 ቀን 1994 ዓ.ም. በፓስፊክ ሰማይ ላይ የታየው ቀለበታዊ ግርዶሽ ነው። 18 ዓመትና 11 ቀን ጨምሩበት፤ ሰኔ 14 ቀን 2012። እንደገና ጨምሩ፤ ሰኔ 25 ቀን 2030። ያም ቀለበታዊ ነው፤ በስምንቱ ሰዓት የተነሣ ምድር አንድ ሦስተኛ ዙር ዞራ ስለምትጠብቀው አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ይመጣል። "ይህስ የእኛ ቁጥር ነው" አሉ የኔታ፣ የራሳቸውን ንብረት ሰው ቤት ያገኙ ያህል።

የአገሩ ሰው ሰማይ አይቶ መወሰን የጀመረው ዛሬ አይደለም። ደብረ ብርሃንን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሩት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት መሆኑ ይነገራል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ብርሃን በ1456 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከታየው ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ይሁን አይሁን ሌላ ክርክር ነው። የሚገርመኝ ግን ንጉሥ ብርሃን አይቶ ከተማ በቆረቆረበት ቦታ እኛ ብርሃኑ አልጠፋም ብለን ማኩረፋችን ነው።

ወደ ርቀቱ ልመለስ። የ2012ቱ ቀለበት በጣም ቀጭን ነበር። ጨረቃ ሰኔ 8 ቀን ከምድር ወደ 404,600 ኪሎ ሜትር ርቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየቀረበች መጥታ በስድስተኛው ቀን ከፀሐይ ጋር ተገጣጠመች። መቅረቧ ስላላለቀ አነሰች፤ መራቋም ስላለቀ በትንሹ ብቻ ነው ያነሰችው። ፀሐይ በበኩሏ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከምድር እጅግ የምትርቅበት ጊዜ ላይ ስለምትደርስ ትንሽ ትሆናለች፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ትንሽ ፀሐይና ትንሽ ያነሰች ጨረቃ ሲገናኙ የሚተርፈው ክር ነው። ግርዶሹ ከፍተኛ ደረጃ በደረሰበት በሂማሊያ አካባቢ ቀለበቱ 38 ሴኮንድ ብቻ ቆየ።

ከዚህ ጋር ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም. የነበረውን አስተያዩት። ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቀለበቱ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በሶማሊያ አለፈ፤ እኛ ጋ ከፊሉ ደረሰ። ያኔ ፀሐይ ለምድር በቀረበችበት ወቅት ነበርና ትልቅ ነበረች፤ ጨረቃ ደግሞ ወደ ሩቁ ነጥቧ ለመድረስ ሁለት ቀን ገደማ ቀርቷት ነበርና ትንሽ ነበረች። ቀለበቱ ሰፊ ሆነ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከ11 ደቂቃ በላይ ቆየ፤ እስከ ሦስተኛው ሺህ ዘመን ማብቂያ ድረስ ይህን የሚበልጥ ቀለበታዊ ግርዶሽ የለም። ሁለቱም ቀለበታዊ ይባላሉ፤ አንዱ ክር፣ ሌላው ደልዳላ አንባር። ልዩነቱን የሠራው ርቀት ብቻ ነው።

የተመልካቹ መቆሚያ ራሱ ይቆጠራል፤ ይህን ሳውቅ በእውነት ተደንቄአለሁ። ጨረቃ አናቱ ላይ የሆነችለት ሰው፣ ከአድማስ ከሚያያት ሰው ይልቅ በምድር ግማሽ ስፋት፣ ማለትም በ6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርባታል። ስለዚህ በዚያው በሰኔው ግርዶሽ ኮንጎ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያዩት ወፈር ያለ ቀለበት ሲያዩ፣ ሂማሊያ ላይ በቀትር ያዩት ቀጭኑን አዩ፤ የመስመሩ ስፋትም ከ85 ኪሎ ሜትር ወደ 21 ወርዶ ነበር። አንዳንዴ ይህ ትንሽ ልዩነት የግርዶሹን ዓይነት ይቀይረዋል፤ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አትላንቲክ ላይ በቀለበት ጀምሮ ወዲያው ሙሉ ሆኖ አፍሪካን ያቋረጠውና በደቡብ ኢትዮጵያ በኩል ወደ ሶማሊያ ያለፈው ግርዶሽ እንዲህ ያለ ነበር።

ቀለበቱ ሊዘጋ ሲል ደግሞ የጨረቃ ተራሮች ይታያሉ። የጨረቃ ጠርዝ ለስላሳ አይደለም፤ በሸለቆዎቿ መካከል የሾለከው ብርሃን ክሩን ቆራርጦ ጨሌ ያስመስለዋል። ይህን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤይሊ በ1836 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስኮትላንድ ውስጥ አይቶ አሳምሮ ገለጸው፤ ክስተቱም በስሙ ተጠራ። ያየው በሙሉ ግርዶሽ ሳይሆን በቀለበታዊ ነው፤ ይህን የምጽፈው ለጠበቃነቴ እንዲመቸኝ መሆኑ አይሰወራችሁ።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ያን ጠዋት መንገድ ላይ በራጅ ፊልም የሚያይ፣ ጠርሙስ ጥላሸት ቀብቶ የሚያይ፣ በሳፋ ውኃ ውስጥ የሚያይ ሰው አይቻለሁ። ሦስቱም አይሆኑም። የዓይን ጀርባ የሕመም ስሜት የለውም፤ ሲቃጠል አያምም፤ ሰው የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ በሚያየው ነገር መካከል ጠቆር ያለ ነጥብ ሲታየው ነው። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ፀሐይ ፈጽሞ በተሸፈነችባት አጭር ጊዜ ዓይን ነጻ ይሆናል፤ በቀለበታዊው ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ ነጻ ጊዜ የለም። ለዚሁ የተሠራ መነጽር ይፈልጋል፤ ከሌለ ወንፊት አለ፣ የእናቴ ቆርቆሮ አለ። ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ግድግዳ ማየት ማንንም አሳውሮ አያውቅም።

ጨረቃ ከምድር በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየራቀች ነው። ይህ የታወቀው ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ተክለውት በመጡት መስታወት ላይ የሌዘር ጨረር እያነጠሩ በመለካት ነው። በዚህ አካሄድ ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ጥላዋ ፈጽሞ ምድር አይደርስም። ያኔ ሙሉ ግርዶሽ የሚባል ነገር ይቀራል፤ የሚተርፈው ቀለበታዊው ነው። ሰልፉ ውስጥ ወደ ኋላ የተገፋው ነገር ወራሽ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል።

ለጊዜው ግን ሙሉውን ለሚናፍቁ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. እየመጣ ነው። ጥላው ከአትላንቲክ ተነሥቶ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካ፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ የሶማሊያን ጫፍ ነክቶ ይወጣል፤ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል። ሰሜን ሸዋ ላይ የሚደርሰው ከፊሉ ነው፤ ከቀትር በኋላ። ሐምሌ 26 ማለት የጣርማ በርን ዋሻ የሚውጠው ጉም ያለበት፣ የመንዝ ሰው በርኖሱን የማያወልቅበት፣ ፀሐይ ራሷ የእንግዳ ያህል ብቅ የምትልበት ወቅት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተስፋ አልሰጥም። ደመናው ቀደድ ካለ ለሚጠቀም ሰው ግን መነጽሩን ከወዲሁ ማስመጣት፣ ካርቶን በመርፌ መብሳት፣ ለሰፈሩም ከአሁኑ መንገር ይገባል፤ አይጨልምም ብሎ።